ማጅራቷ ላይ የነበረው ነጥብ

ወንድሜ የሞተው ውሸታም ተብሎ ነው። ውሸታም ያስባልኩት እኔ ነኝ። ነገሩን በእነዚህ ሁለት መስመሮች ጨርሼ ብነሳ ደስ ባለኝ፤ ግን ሰው "እንዴት?" ይላል። እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ደግሞ አሁን ከእኔ ሌላ የለም።

ፎቶ ቤት ነበረን። ጋሼ የምለው ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ፎቶ ቤቱን ተረከበ፤ እኔንም ከዕቃው ጋር አብሮ ተረከበኝ። ሁለታችንም ሳናገባ እዚያው ከፎቶ ቤቱ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች አረጀን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው "እነዚህ ባልና ሚስት ቢሆኑ ኖሮ ይሄኔ ሦስቴ ተፋተው ነበር" እያለ ይቀልድብን ነበር። እውነቱን ነው። በጨው እንጣላለን፣ በመስኮት እንጣላለን፣ በሬዲዮ ድምፅ እንጣላለን። በሥራ ግን ተጣልተን አናውቅም።

እሱ ከፊት ሆኖ ያነሳል፤ እኔ ከጓዳ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሪቱሽ እሠራለሁ። ለማያውቅ ሰው ልንገር። ፊልም ላይ ዓለም የተገላቢጦሽ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የደንበኛው ግንባር በላብ አብረቅርቆ ከነበረ ያ ብልጭታ ፊልሙ ላይ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይቀመጣል። ያንን እድፍ በአጉሊ መነጽር እያዩ በቀጭን ቢላ ቀስ አድርጎ መፋቅ ነው የእኔ ሥራ። እጅ ከከበደ ፊልሙ ይበሳል። እጅ ከቀለለ እድፉ ይቀራል። የተፋቀ ደግሞ አይመለስም።

ያስተማረኝ ጋሼ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬን አንዴ አይቶ ወረወረልኝ፤ የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ቀርታ ነበር። "ነጭ ነጥብ የሰነፍ ፊርማ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ ነጥብ ሳድን ኖርኩ። አንዳንዴም አበዛዋለሁ። አንድ ፖሊስ ጠባሳውን አጥፍቼበት "ሌባ ይዤ ያገኘሁትን ጠባሳ ማን ውሰጂ አለሽ?" ብሎ ፎቶ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። ጋሼ ከሳቁ ብዛት ወንበር ይዞ ተቀመጠ። "ይኸው ሌላ ሌባ፤ እሷንም ያዛት" አለው።

ወፍ ማየት የጀመረው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ምን እንደነካው አላውቅም። ቀኑን ሙሉ "ቀና በሉ፣ አገጭዎን ዝቅ፣ ፈገግ" ሲል የሚውል ሰው አንድ ቀን ቀና በል የማይባል ፊት ማየት ሳያምረው አልቀረም። እሑድ እሑድ ከከተማው ጫፍ ወንዙ ዳር ይሄዳል። ሙቀት ሲሆን አይሄድም፤ የብርድ ወራት ሲገባ ነው የሚሄደው። "ቅጠሉ ሲረግፍ መደበቂያ ያጣሉ፤ ርኀቡ ደግሞ ድፍረት ይሰጣቸዋል" ይላል። ትልልቆቹን ወፎች ዞር ብሎም አያይም። የሚፈልገው አውራ ጣት የምታክለውን፣ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ ቅርንጫፉ እንኳ የማያውቃትን ነው።

መሣሪያው የአባታችን የድሮ ካሜራ ነው። አንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ያነሳል። የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አባላት እንደ መትረየስ የሚንጣጣ ካሜራ ይዘው ሲመጡ እሱ በአንድ ወፍ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ ይመለሳል። የወፎቹን ፊልም ራሱ ነው የሚያጥበው፤ ለእኔ ሰጥቶኝ አያውቅም። አንዴ ልሥራልህ ብለው "የወፍ ግንባር አያልብም" ብሎ አለፈኝ። ስላላመነኝ መሰለኝና ተቀየምኩ። ለምን እንደማይነካቸው ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በብርዱ ወራት፣ አንዲት ወፍ አየ። ማታ ማታ እራት ከበላን በኋላ ስለ እሷ ያወራኛል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሳህን እያጠብኩ "እህ" እላለሁ። ትንሽ መሆኗን ሰምቻለሁ። በእኛ በኩል ታይታ እንደማታውቅ ሰምቻለሁ። ሌላውን ሁሉ ውሃው ወሰደው።

ልብ ብዬ የሰማሁት ስለ መዝጋቢው ሲነግረኝ ነው፤ ያኔ የማጥበው ሳህን አልነበረም። ማኅበሩ በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ክፍል ይሰበሰባል። የታየው ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ አለ፤ መዝገቡን የሚይዘው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጋሼ ተነስቶ ያያትን ሲናገር መዝጋቢው ብዕሩን እንኳ አላነሳም።

"ያቺ ወፍ ከተራራው ወርዳ አታውቅም" አለው።

"ዘንድሮ ወረደች።"

"ፎቶ አለህ?"

"እስካነሳት አልጠበቀችኝም። በሚመጣው የብርድ ወራት አመጣለሁ።"

"የታተመ ወረቀት እንዳታመጣ። አንተ የሙሽራ ብጉር የምታጠፋ ሰው ነህ፤ ድንቢጧን ንስር ማድረግ ምን ይቸግርሃል? የምታመጣ ከሆነ ፊልሙን ራሱን አምጣ።"

ክፍሉ ሙሉ ሳቀ። ጋሼ ይህን ሲነግረኝ እሱም ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሙያው ሲሰደብ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልፈለገም፤ ያቺን ወፍ ፊልም ላይ ይዞ በዚያ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የፈለገው።

በመካከሉ ሳንባው ታመመ። ሐኪሟ የጨለማ ክፍሉን መድኃኒት ሽታና ብርድን ሁለቱንም ከለከለችው። "ዘንድሮ ብርድ ላይ እንዳይወጡ" አለችው። እሱ ብቻህን አትውጣ እንዳለችው አድርጎ ተቀበለውና እኔን ይዞ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ነው። ሳሩ ላይ ያደረው አመዳይ በጫማችን ሥር እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ይንኮሻኮሻል። ወንዙ ይጨሳል። ዛፎቹ ራቁታቸውን ናቸው። ጋሼ ካሜራውን ካፖርቱ ውስጥ አቅፎ፣ እኔ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክሜ፣ በየሃያ እርምጃው እየቆምን ሄድን። የምንቆመው ወፍ ለማየት እንደሆነ አስመስሎ ነው እንጂ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጭ ነበር።

ግንዱ የተጋደመ ዛፍ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለ። ብዙ ጠበቅን። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ጣቶቼን ስቆጥር አንዱን ያጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ በጥርስ መሐል እንደሚወጣ ቀጭን ፉጨት ነው፣ አንድ ከዚህ፣ ሦስት ከዚያ። በቡድን ነው የሚመጡት። ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ፣ ተዘቅዝቀው እየተንጠለጠሉ፣ የቅርፊቱን ስንጥቅ ሁሉ እየፈተሹ። አሥራ አምስት ይሆናሉ። ጋሼ አንዷን በዓይኑ ይዟት ነበር።

"እታለም፣ አትንቀሳቀሺ።"

"ብርዱ ነው የሚያንቀሳቅሰኝ።"

"በልብሽ ተንቀሳቀሺ።"

ነፋስ መጣና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብዬ በእጅጌዬ ጠረግኩ። ጫማዬ ገመዱ ተፈትቶ ነበርና እሱንም አየሁ። ያኔ ነው የካሜራው ድምፅ የተሰማኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ጠቅ።

"አየሻት?" አለኝ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ከፊቱ ላይ ተራግፎ ነበር።

"አየኋት" አልኩ።

"ግልጽ ነው አይደል? አንቺም አይተሻል።"

"በጣም ግልጽ ነው።"

ግልጽ የሆነው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በብርድ የቀዘቀዘ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ የሚናገራት ትንሽ ውሸት ናት። ሰው ከሰው ጋር ሲኖር በቀን አሥር ጊዜ ይናገራታል።

ማታውን ደም ተፋ። ሰኞ ሆስፒታል ተኛ። አልጋው ላይ ሆኖ "ፊልሙን አንቺ እጠቢው፤ ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ተጠንቅቀሽ ሥሪው" አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ምን ይናገራል? አይቻታለሁ ብዬዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን አጠብኩ። ሰቅዬው ሲደርቅ በመስኮቱ ብርሃን አየሁትና ለራሴ ሳቅሁ። ወፏ አለች። ጎኗን ሰጥታ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቆማለች፤ ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እግሯ ቅርንጫፉን እንዴት እንደጨበጠ ሁሉ ይታያል። በዚያ ካሜራ፣ በዚያ ትንፋሽ፣ አንዴ ጠቅ አድርጎ። ይህን አይቶ ማን ነው የሚስቅበት አልኩ።

ማጅራቷ ላይ ግን አንዲት ጥቁር ፍሬ አለች።

ፊልም ላይ ጥቁር ማለት ወረቀት ላይ ነጭ ማለት ነው። ቅርንጫፉ ላይ የአመዳይ ፍንጣቂ ነበርና ከዚያው የተፈናጠረ መሰለኝ። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ በዚያ ሰውዬ ፊት ሊቀርብ? ተጠንቅቀሽ ሥሪው ብሎኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወፍ ፊልሙን አምኖ ሰጥቶኛል። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ፤ ቢላውን ሳልኩ፤ አጉሊ መነጽሩን አጠለቅኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አንድ ጭረት እስባለሁ፣ ትንፋሼን እለቃለሁ፣ ሌላ ጭረት እስባለሁ። ስጨርስ የወፏ አናትና ማጅራት አንድ ወጥ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁ።

ሐሙስ ወሰድኩለት። መነጽሩን ቤት ረስቶት ነበር። ፊልሙን ወደ ሆስፒታሉ መስኮት አንስቶ ዓይኑን አጨናቁሮ አየው። "አለች" አለ። ቀጥሎም "ጥሩ አጥበሻል" አለኝ። ፖስታው ውስጥ መልሶ ትራሱ ሥር ከተተው።

ቅዳሜ ሐኪሟ አትወጣም ብትለው በራሱ ፊርማ ወጣ። በታክሲ ወሰድኩት። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ሁለቴ አረፍን። ሲገባ ሁሉም ዞረው አዩት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶት ነበር። ፖስታውን መዝጋቢው ፊት አስቀመጠው።

መዝጋቢው ፊልሙን መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ ዘረጋና በማጉያው አጎነበሰ። መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። "እንዴት ያለች ሥራ ናት" አለ። ከዚያ ማጉያውን ገፋ አደረገ።

"ነጥቡ የታለ?" አለ።

"የቱ ነጥብ?" ያልኩት በልቤ ነው።

"ማጅራቷ ላይ ነው" አለ ጋሼ። "እኛ ጋ ካሉት የሚለያት እሱ ነው። እየው፣ እዚያው ነው።"

"እኔማ እያየሁ ነው። ይህቺ የምናውቃት የሰፈራችን ወፍ ናት። ማጅራቷ ጥቁር ነው።" ከዚያ ይበልጥ አጎነበሰ። "ቆይ። እዚህ ቦታ ቢላ አርፏል።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም፤ ያ ይበልጥ ከፋ።

ጋሼ ማጉያውን ተቀብሎ አየ። ብዙ ቆየ። እኔ በግራ እጄ ነው የምሠራው። ጭረቶቼ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፤ የእሱ ወደ ቀኝ። በዓለም ላይ ያንን ጭረት አይቶ የማን እንደሆነ መናገር የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ቀና ሲል እኔን እንዳያይ አንገቱን ወዲያ አዞረ።

"ነጥቡን በእርሳስ ጨመርክ፤ እንደሚያስነቃ ሲገባህ መልሰህ ፋቅከው። እንዲህ ነው አይደል?" አለው መዝጋቢው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያዘነ ይመስል ነበር። "በዚህ ዕድሜህ፣ በዚህ ጤናህ።"

"ቢላው የእኔ ነው" አለ ጋሼ።

ይህን ብቻ ነው ያለው። ቢላው በእርግጥም የእሱ ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ ኮቱን ይዤ ቆሜ ነበር። አፌ ውስጥ ምላሴ ነበረ። አልተናገርኩም። መዝጋቢው መዝገቡን ከፍቶ በጋሼ ስም ላይ መስመር ሲያሰምር እያየሁ ነበር፤ ማስመሪያ ተጠቅሞ ነው ያሰመረው።

ፊልሙን እዚያው ትተን ወጣን። ታክሲው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

"ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?" አለኝ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል።"

ራሱን ነቀነቀ። "እጅሽ ከእኔ በለጠ እኮ" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገነኝ ያን ቀን ነው። "አላየሻትም አይደል? ወንዙ ዳር።"

"አላየኋትም።"

"ብርድ ነበር" አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጨው የሚጣላኝ ሰው፣ በመስኮት የሚጣላኝ ሰው፣ በዚህ አልተጣላኝም። ሰኞ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ስለው "ተዪው፤ አሁን ብትናገሪ ሁለታችንንም ነው ውሸታም የሚሉን" አለኝ። ተዪው ስላለኝ ተውኩት። ስለ ፈቀደልኝ ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች ቀብሩ ላይ መጥተው ከኋላ ቆሙ፤ ሳይጨብጡኝ ሄዱ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የማኅበሩ አባል የሆነ የጥርስ ሐኪም ፎቶ ቤት መጥቶ ሳያስበው አወራኝ። ወንዙ ዳር፣ ግንዱ የተጋደመ ዛፍ ጋ፣ ማጅራቷ ላይ ነጥብ ያላትን ወፍ አንስቷል። መዝገቡ ላይ "በዚህ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየች" ተብሎ በስሙ ተጽፏል። "የእርስዎ ወንድም ቢኖሩ…" ብሎ ጀመረና ወሬውን ወደ ዋጋ አዞረው፤ የፓስፖርት ፎቶ ፈልጎ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። መዝጋቢው ብቻውን ወንበር ያስተካክላል። ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ የጋሼ ፊልም ተሰቅሏል። ከሥሩ ከቀይ ቀስት ጋር "በቢላ የተነካ ፊልም እንዲህ ይለያል" የሚል ጽሑፍ አለ። ለአዲስ አባላት ማስተማሪያ ነው።

"የፋቅኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"እህቴ፣ ሐዘን ብዙ ያናግራል።"

"በግራ እጄ ነው የምሠራው። ጭረቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ይዩት።"

በጨዋነት አየው፤ ማጉያ ግን አላነሳም። "ሟችን ማስዋብ ደግ ነገር ነው። መዝገብ ግን በደግነት አይጻፍም።"

"ወፏ ታየች እኮ። እውነቱን ነበር።"

"እውነቱን ይሆናል። አንዳንድ ሰው እውነት ይዞ በውሸት ያበላሸዋል።" ወንበሩን አስተካክሎ ቀና አለ። "እንዲያው ለቤተሰቡ መጽናኛ እንዲሆን፣ ስሙን 'አጠራጣሪ' በሚለው ገጽ ላስገባው እችላለሁ። ታሞ ሳለ ሳያስበው ነው የፋቀው ብለሽ ከፈረምሽ።"

ብዕሩን ሰጠኝ። የጋሼ ስም ወደዚያ መዝገብ የሚመለስበት መንገድ ያ ብቻ ነበር፤ እሱ ፋቀው ብዬ በእጄ መጻፍ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ፊልሙን ስጡኝ አልኩ። የማኅበሩ ንብረት ነው አለኝ።

አሁን የብርድ ወራት በገባ ቁጥር አዲስ አባላት በሚመጡበት ቅዳሜ እሄዳለሁ። መዝጋቢው ፊልሙን አሳይቶ ሲጨርስ እነሳና "ያንን የፋቅኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ አይደለም" እላለሁ። ለምደውኛል። ወንበር ያዘጋጁልኛል። አዲሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡኛል፤ መዝጋቢው "እናመሰግናለን" ይለኛል፤ ከዚያ ስለ ሌንስ ማውራት ይቀጥላሉ።

ባለፈው አንዲት ሴት፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ናት፣ ሌሎቹ ሲወጡ ቀርታ ጠየቀችኝ።

"አምኜዎታለሁ" አለችኝ። "ግን ያኔ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ለምን አልተናገሩም?"

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ማንም አልነበረም፤ ያላመነ ሰው አይጠይቅም።

"ሁሉም እሱን እያዩት ነበር" አልኳት። "ወደ እኔ ያየ አልነበረም። በዚያ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ሴትየዋ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። በሚቀጥለው ስብሰባ ስመጣ ራቅ ብላ ተቀመጠች።